መርዝን በመርዝ መፈለግ

ኳንተም ዶት የሚባለው ርዝመቱ ከሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ጥቂት እጥፍ ብቻ የሆነ የክሪስታል ቅንጣት ነው። ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ ያበራል፤ የሚሰጠውንም ቀለም መጠኑ ይወስነዋል፤ ትንሹ ወደ ሰማያዊ፣ ተለቅ ያለው ወደ ቀይ ያዘነብላል። አሌክሲ ኤኪሞቭ፣ ሉዊስ ብሩስና ሙንጊ ባዌንዲ በዚሁ ሥራቸው እ.ኤ.አ. የ2023ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ባዌንዲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ ያደረጉት፣ እኩል መጠን ያላቸውን ቅንጣቶች የማዘጋጀት ስልት ግን ከአድናቆቱ ጋር ሸክም አስከትሏል። ቅንጣቶቹ የሚሠሩት ከካድሚየም ነበር፤ የሚዘጋጁትም ወደ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋ ሙቀት፣ ከውሃ ጋር በማይስማማ ፈሳሽ ውስጥ ነበር።

የካድሚየምን ጠባይ ለማወቅ ቤተ ሙከራ መግባት አያሻም። በጃፓን፣ በቶያማ ግዛት፣ ከካሚዮካ የማዕድን ማውጫ የሚወርደው ዝቃጭ ወደ ጂንዙ ወንዝ ይገባ ነበር፤ ወንዙም የሩዝ ማሳዎችን ያጠጣ ነበር። ሩዙን ከበሉት፣ ውሃውን ከጠጡት መካከል በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ አጥንታቸውም በትንሽ እንቅስቃሴ ይሰበር ጀመር። ሕመሙ «ኢታይ ኢታይ» ተባለ፤ «አመመኝ፣ አመመኝ» እንደ ማለት ነው። መንግሥት መንስኤው ካድሚየም መሆኑን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው።

እንግዲህ ከእነዚህ ቅንጣቶች አገልግሎቶች አንዱ በውሃ ውስጥ የተደበቀ መርዝን መለየት ነው። የመዳብ ወይም የሜርኩሪ አዮን በቅንጣቷ ገጽ ላይ ሲያርፍ ብርሃኗ ይደክማል፤ ድካሙም የብክለቱን መጠን ይናገራል። ታዲያ ሜርኩሪን ለማግኘት ሲባል ካድሚየምን መጠቀም ተገቢ ነውን?

መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ ቅንጣቷም በዚንክ ሰልፋይድ ቅርፊት ተሸፍናለች ብለው የሚሟገቱ አሉ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ የጂንዙ ገበሬም በአንድ ቀን ማዕድ አልታመመም። ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ከገባ ግማሹ እንኳ ለመውጣት አሥርና ከዚያም በላይ ዓመታት ይፈጅበታል። «ጥቂት ነው» የሚለው ቃል ሊያጽናና የሚችለው ጥቂቱ በጥቂት ላይ ካልተደመረ ብቻ ነው።

አማራጩ ደግሞ በእጅ ነው። ብርን፣ ኢንዲየምንና ድኝን በውሃ ውስጥ አዋሕዶ፣ ግሉታታዮን በተባለውና በሰው ሴል ውስጥም በሚገኘው ውህድ ሸፍኖ፣ ውሃ ከሚፈላበት ባልበለጠ ሙቀት የሚያበሩ ቅንጣቶችን መሥራት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪዎች ጥላሸት ሲያጣሩ በአጋጣሚ ያገኟቸው የካርቦን ቅንጣቶችም አሉ። በውሃ የተሠሩት አብዛኛውን ጊዜ የቀለማቸው ጥራት አነስ ይላል፤ የቴሌቪዥን ፋብሪካ ይህን ጉድለት ቢነቅፍ ያምርበታል። ውሃ ለሚመረምር ሰው ግን የሚፈለገው የብርሃኑ መድከም እንጂ የቀለሙ ውበት አይደለም። እዚህ ላይ መርዙን የሙጥኝ ማለት ከልማድ በቀር ሌላ ስም የለውም።

ነገር ግን «ከካድሚየም ነፃ» የሚለው አጠራር በአማርኛ ከሚገባው በላይ ይናገራል። በፈረንጅ አፍ «የሌለበት» ብቻ ማለት ነው፤ በእኛ ቋንቋ ግን ነፃ የተባለ ከክስም ወጥቷል። ካድሚየምን ይተካል ተብሎ ብዙ የተወደሰው ኢንዲየም ፎስፋይድ፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለሰው ካንሰር አምጪ ሳይሆኑ አይቀሩም ከሚላቸው ነገሮች ተርታ የተመደበ ነው። በተተኪው ላይ የሚደረገው ምርመራ ከቀዳሚው ያነሰ ሊሆን አይገባም፤ የማስረዳቱም ሸክም ሊወድቅ የሚገባው በአምራቹ ትከሻ እንጂ ውሃውን በሚጠጣው ላይ አይደለም።

ከዚህ የባሰም አለ። ኢንዲየም በአብዛኛው የሚገኘው ከዚንክ ማዕድን ተረፈ ምርት ነው። ካድሚየምም የሚወጣው ከዚያው ከዚንክ ማዕድን ነው። ስለዚህ ለንጹሕዋ ቅንጣት የሚሆነው ድንጋይ ሲቆፈር የተወገዘው ብረትም አብሮ ይወጣል፤ ቅንጣቷ ውስጥ አልገባም ማለት በምድር ላይ አልቀረም ማለት አይደለም። የት እንደተቀመጠ፣ ማን እንደሚጠብቀው በቅንጣቷ መያዣ ላይ አይጻፍም። በጂንዙ ሸለቆ የተበከለውን የእርሻ መሬት የማደሱ ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ወስዶ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በብዙ ቦታ የተደረገው የተበከለውን አፈር ወደ ታች ቀብሮ ንጹሕ አፈር ማልበስ ነበር፤ ሩዙም ዛሬ የሚበቅለው ከዚያ በላይ ነው።