የቤቱ ባለቤት ማን ነው?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እሳት ወይም ጎርፍ ቤቱን የወሰደበትን ሰው በመዋጮና በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ዳግም ጎጆ ልናቆምለት ስንነሣ ይህን ተረት ሳንጠቅስ አንቀርም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን አንድ ጥያቄ ነው። ቤቱ የሚሠራለት ሰው ራሱ ከሃምሳዎቹ ተሸካሚዎች ይቆጠራል ወይ?

ወደ ፎገራ ሜዳ እንውረድ። ከጉና ተራራ ግድም የሚነሡት ርብና ጉማራ ጣናን ከመቀላቀላቸው በፊት በዚህ ሜዳ ያልፋሉ። ሜዳውን ለሩዝ የተመቸ ያደረገው ይዘውት የሚወርዱት ደለል ነው። ክረምቱ ሲበረታ ግን ያው ውሃ ከወረታ ወደ ጣና ያሉትን ቀበሌዎች ያጥለቀልቃል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀየው አፈናቅሏል። የጭቃ ግድግዳ ውሃ ሲተኛበት ይሟሟል፤ የእህሉ ጎታም እንዲሁ።

አገሬው ለዚህ የቆየ መልስ አለው፤ ደቦ። ጎረቤት ይጠራል፤ አንዱ ማገር ያስራል፣ አንዱ ጭቃ ይረግጣል፣ ሌላው ይመርጋል። ባለቤቱ ያለውን አቅርቦ «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» ይላል። ነገ ደግሞ ለሌላው ጭቃ ይረግጣል። ያን ዕለት ቤት ባይኖረውም ጋባዥ ነው።

ከከተማ የምንሄደው ግን ብዙ ጊዜ ቆርቆሮውንም ምስማሩንም፣ ሠራተኛውንም ምሳውንም ይዘን ነው። በመጨረሻም በጭብጨባ መካከል የገዛ ቤቱን ቁልፍ እናስረክበዋለን። ክፋት አስበን አይደለም። ሆኖም ውለታ የሚመልስበት መንገድ ላልተተወለት ሰው፣ ዕድሜ ልኩን አንገቱን ደፍቶ የሚገባበት ቤት ሰጠነው ማለት ነው።

«ጎርፍ ጎታውን የወሰደበት ሰው በምን እህሉ ይጋብዝ?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እህልና ብርድ ልብስ ያለ ብዙ ጥያቄ ይሰጥ። ቤት ግን ብርድ ልብስ አይደለም። የት እንደሚቆም፣ በሩ ወዴት እንደሚዞር፣ ወለሉ ምን ያህል ከፍ እንደሚል እሱ ይንገረን፤ ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ከእሱ የበለጠ የምናውቅ አይደለንምና። ጭቃውንም አብሮን ይርገጥ። ጉልበት የከዳቸው አሮጊት ቢሆኑና ከጎረቤት ተበድረው ቡና ቢያፈሉልን፣ «አይድከሙ፣ እንቸኩላለን» ብለን አንነሣ። ቁጭ ብለን እንጠጣላቸው፤ የጠሩን በቤታቸው ነውና።