ማየትስ ሥራ አይደለም ወይ?

አንድ ሰው አልነሳ ያለች መኪናውን አስጎትቶ ጋራዥ ያስገባል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ሲፈታ፣ ሲፈትሽ፣ ሲያዳምጥ ግማሽ ቀን ይውልና «ችግሯ ይኸ ነው፤ ይህን ያህል ያስወጣሃል» ይለዋል። ባለመኪናው «እሺ፣ አስቤበት እመለሳለሁ» ብሎ ይሄዳል። አይመለስም። ለመሆኑ የዚያን ግማሽ ቀን ዋጋ የሚከፍለው ማነው? ነገሩ የሳንቲም ጥያቄ ይመስላል። እኛ ግን የፍትሕ ጥያቄ ነው እንላለን።

«ዋጋ መጠየቅ መቼ ተከፍሎበት ያውቃል?» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፤ መርካቶ ገብተን የአንድ ጨርቅ ዋጋ አሥር ሱቅ ጠይቀን ባዶ እጃችንን ብንወጣ የሚጠይቀን የለም። ነጋዴው ግን ዋጋውን ቀድሞ ያውቀዋል፤ ሲነግረን የሚያወጣው ትንፋሹን ብቻ ነው። የመካኒኩ ዋጋ ከመታወቁ በፊት ሥራ ይፈልጋል። መፍታት አለ፣ መልሶ መግጠም አለ፣ ከሁሉም በላይ ድምፅ ሰምቶ በሽታን ለመለየት ያበቃው የዓመታት ልምድ አለ። ሁለቱን «ዋጋ መጠየቅ» በሚል አንድ ስም መጥራት ነው ነገሩን የሚያምታታው።

ሐኪም ቤት ስንሄድ እንዲህ አንልም። ካርድ ለማውጣት እንከፍላለን፤ ለላቦራቶሪም ለራጅም እንከፍላለን። ሐኪሙ «ምንም የለብህም» ቢለን ተመስገን ብለን እንወጣለን እንጂ «ታዲያ ምን ሠርተህ ነው ገንዘቤን የወሰድከው?» አንለውም። ታዲያ የአንዱ ማየት ሙያ፣ የሌላው ማየት ውለታ የሚሆነው ለምንድን ነው? ልዩነቱ ያለው ከሥራው ሳይሆን ከነጩ ጋዋንና ከቅባታሙ ቱታ ላይ ነው። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን ሲንቅ የኖረ ኅብረተሰብ ነው ያሳደገን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ንቀቱ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። ዛሬ ስድቡ ቢቀንስም «የእጅ ሠራተኛ እጁ እንጂ ጭንቅላቱ አይከፈልበትም» የሚለው አስተሳሰብ ገና አልሞተም።

ደግሞስ «በነፃ» የሚባለው በእርግጥ ነፃ ነው እንዴ? መካኒኩ አየር በልቶ አያድርም። ከሄደው ያጣውን ከቀረው ላይ ያወጣዋል፤ ሲብስበትም ያልተበላሸውን «ተበላሽቷል» ይላል። ፕሮፎርማን እንውሰድ። ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ የተባለ ሰው፣ የሚያሠራበትን ቤት አስቀድሞ ከመረጠ በኋላ ሁለቱን ሌሎች ለይስሙላ ሲያስለፋ ዋጋ እየጠየቀ አይደለም፤ የሰው ጉልበት ያለ ደመወዝ እያሠራ ነው።

ይሁንና ሌላም ወገን አለ። እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ልጆች የምታሳድግ ሴት የኤሌክትሪክ ምጣዷ አልግል ቢላት፣ ልታሠራው እንደማትችል ለማወቅ ብቻ ትክፈል ወይ? ሦስት ቦታ ጠይቃ ካላወዳደረችስ እንዳልተታለለች በምን ታውቃለች? ዝም ብሎ በማየት ብቻ የሚከብር አጭበርባሪስ አይፈጠርም ወይ? እነዚህ ቀላል ጥያቄዎች አይደሉም።

የኛ አቋም እንዲህ ነው። በዓይን ታይቶ የሚነገር ግምት በነፃ ይሁን። ተፈትቶ፣ ተመርምሮ የሚገኝ ግን ይከፈልበት፤ ክፍያውም የመጀመሪያው ብሎን ከመፈታቱ በፊት ይነገር። ደንበኛው እዚያው ካሠራ ከጠቅላላው ሒሳብ ይቀነስለት። ካላሠራ ደግሞ የተገኘው ብልሽት በጽሑፍ ይሰጠው፤ ገንዘብ የከፈለበት ነውና ወደፈለገበት ይዞት ይሂድ፣ ያወዳድርበት። ያቺን እናት «ተይው፣ አትክፈይ» የሚላት ጠጋኝ ይመስገን፤ አብዛኞቹም እንዲህ ይላሉ ብለን እናምናለን። ነገር ግን ደግነት ሰጪው ሲሰጠው ነው ደግነት የሚሆነው። እንደ ግዴታ ሲጠየቅ ስሙ ሌላ ነው።

ወገኖች፣ ይህ ጉዳይ ከግቢያችን አጥር ውጪ ያለ እንዳይመስለን። ነገ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ ጠበቃ ሆነን የምንሸጠው ሌላ ሳይሆን ይህንኑ አይቶ መፍረድን ነው። ያን ጊዜ «ያየሁበትን ክፈሉኝ» ማለታችን አይቀርም። እንግዲያው ዲግሪ የሌለው ሰው ዛሬ ያንኑ ሲጠይቀን ምን ብለን እንመልስለት?