እጁን የሰጠውን ሰው ምን እናድርገው?

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥቶ ከሚሴ እኔ ቤት ሰንብቶ ነበር። ልጁ ጨዋ ነው፤ ሶላቱን አያጓድልም፣ ለታላቅ ይነሳል፣ ሱቅ ቢልኩት አያጉረመርምም። ማታ መብራት ካለ ግን ላፕቶፑን ከፍቶ አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ላይ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠም የሚያስነሳው የሱብሒ አዛን ብቻ ነው። በከተማችን ጌም ቤቶች ወጣቶች ተሰብስበው የሚጫወቱት በአመዛኙ እግር ኳስ ስለሆነ፣ ይኼኛው ደግሞ ምን ቢሆን ነው ብዬ አንድ ምሽት ወንበሬን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ውድ አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ያን ምሽት ያየሁት ነገር ነው።

ጨዋታው ስካይሪም ይባላል። ቤተስዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2011) ያወጣው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ60 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መሸጡ ተነግሯል። ተጫዋቹ አንድን ሰው ሆኖ በረዶ የለበሱ ተራሮች፣ ከተሞች፣ ዋሻዎችና የፈራረሱ ግንቦች ባሉበት ሰፊ ምናባዊ አገር ውስጥ ይዘዋወራል። በዚህ ሂድ፣ በዚያ አትሂድ የሚለው የለም። ከሩቅ ያየውን ተራራ ይወጣል፣ ያገኘውን ዋሻ ይፈትሻል፣ ዕፅዋት ይለቅማል፣ ይነግዳል፣ ቤት ይገዛል፣ ዘንዶ ይዋጋል። እውነቱን ለመናገር እኔም ወደድኩት። ከኮረብታው ጀርባ ምን ይኖር ይሆን እያሉ መጓዝ በልጅነቴ ከብት ይዘን የጨፋን ሜዳ ዳር ለዳር ስናስስ የነበረውን ስሜት ቀሰቀሰብኝ።

ከዚያም ከወንዝ ግራና ቀኝ የቆሙ፣ በድልድይ የተያያዙ ሁለት ግንቦች ዘንድ ደረስን። አንድ ሽፍታ መንገድ ላይ ወጣና ለማለፊያ 200 ወርቅ ክፈል አለ። ልጁ ሰይፉን መዘዘ። ጥቂት እንደተዋጉ ሽፍታው ቆስሎ በጉልበቱ ወደቀ፤ እጅ ሰጥቻለሁ፣ ማረኝ እያለ ለመነ።

«ተወው ልጄ፤ ማረኝ እያለህ አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«አጎቴ፣ ጥቅም የለውም። ይነሳል» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ይኸው ላሳይዎት» ብሎ ሰይፉን ወደ ሰገባው መለሰና ፈንጠር ብሎ ቆመ።

ጥቂት ሴኮንዶች አለፉ። ማረኝ ሲል የነበረው ሰው ብድግ አለና መሣሪያውን አንስቶ ተወረወረበት። ልጁ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ ገደለውና ኪሱን በረበረ። ይህ ተንኮል የዚያ አንድ ሽፍታ ብቻ እንዳልሆነ፣ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ቆስሎ እጅ የሚሰጥ ሽፍታ ሁሉ ጊዜ ካገኘ ተነስቶ እንደሚዋጋ ነገረኝ። ተጫዋቾችም ይህን ስለሚያውቁ የሚለምነውን ሰው ቃል ከነጭራሹ አይሰሙትም።

ሳቄ አልጋዬ ድረስ አልተከተለኝም።

አንዳንድ አንባቢ ይሄኔ፣ «ሰውየው እንደተለመደው ጨዋታ ልጆቻችንን ገዳይ አደረገብን ሊለን ነው» ብሎ ሊያስብ ይችላል። አይደለም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መግለጫ፣ ግፍ ያለባቸው የቪዲዮ ጨዋታዎች ለእውነተኛ ወንጀልና ግድያ መንስኤ ናቸው ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ እንደሌለ፣ ተያያዥነቱ የታየው እንደ መጮህና መገፋተር ካሉ አነስተኛ የቁጣ ድርጊቶች ጋር መሆኑን ገልጿል። የእህቴ ልጅም ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ልጅ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ደሙ አይደለም። ያሳሰበኝ ጨዋታው ስለ ሰው ልብ የሚናገረው ነገር ነው።

ለመሆኑ በዚያ ምናባዊ አገር ጠላትህን በምን ትለያለህ? ከስክሪኑ አናት ላይ አቅጣጫ የሚያሳይ መስመር አለ። ሊገድልህ የመጣው ሁሉ በዚያ መስመር ላይ ቀይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። አብዛኛው ሽፍታ ስም እንኳ የለውም፤ መጠሪያው ሽፍታ ብቻ ነው። በጨዋታው መጀመሪያ አካባቢ ደግሞ አርቬል የሚባል ሌባ አለ። በግዙፍ ሸረሪት ድር ተተብትቦ፣ ብትፈታኝ የምትፈልገውን እሰጥሃለሁ ይላል። ሲፈቱት ሮጦ ይሸሻል። ማን እንደነበረና ምን እያሰበ እንደመጣ የሚታወቀው ከሞተ በኋላ ከሬሳው ላይ ከሚገኘው ማስታወሻ ደብተር ነው። ልብ በሉ፤ በዚህ ዓለም ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ትገድላለህ፣ ቀጥሎ ታነባለህ።

ይህ ሁሉ ለጨዋታ ሠሪው ቀላል ነው። የእያንዳንዱን ሽፍታ ልብ የጻፈው ራሱ ስለሆነ፣ ውስጡ ያለውን ያውቃል። የሚለምነው ሰው ተንኮለኛ ነው ካለ፣ በእርግጥም ተንኮለኛ ነው። ተጫዋቹም ከሠሪው ዕውቀት ተካፋይ ይሆናል። በዚያ አገር ልብ የተከፈተ መጽሐፍ ነው። በእኛ አገር ግን ልብ የተዘጋ ነው፤ ቁልፉም በሰው እጅ የለም።

እዚህ ላይ የኡሳማ ቢን ዘይድን (ረ.ዐ) ታሪክ ማንሳት ግድ ይላል። ኡሳማ ወጣት ሳለ በአንድ ዘመቻ ላይ ከአንድ የአንሷር ባልደረባው ጋር ሆኖ አንድ ተዋጊ ያሳድዳል። ሲደርሱበት ሰውየው ላ ኢላሀ ኢለላህ አለ። የአንሷሩ ሰው እጁን ሰበሰበ፤ ኡሳማ ግን ወግቶ ገደለው። ወሬው ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲደርስ ክፉኛ ወቀሱት። ኡሳማም ቃሉን የተናገረው መሣሪያ ፈርቶ ነው ሲል ራሱን ተከላከለ። እርሳቸውም ይህን ለማወቅ ልቡን ሰንጥቆ አይቶ እንደሆነ ጠየቁት። ወቀሳውን ደጋግመው ስላነሱበት፣ ኡሳማ ከዚያ ቀን በፊት ባልሰለምኩ ኖሮ እስኪል ድረስ ተጸጸተ።

ኡሳማ ሞኝ አልነበረም። ግምቱም ተራ ግምት አልነበረም፤ ሰይፍ የተቃጣበት ሰው ምንም ነገር ሊል እንደሚችል ማንም ያውቃል። ስህተቱ መጠርጠሩ ላይ ሳይሆን፣ ጥርጣሬውን እንደ ዕውቀት ቆጥሮ በዚያ ላይ የማይመለስ ሥራ መሥራቱ ላይ ነበር። በጨዋታው ቢሆን ወደ ኋላ ተመልሶ ካቆመበት ይጀምር ነበር። በሕይወት ግን ያንን ማድረግ አይቻልም።

ይህን የምጽፈው ከየት ሆኜ እንደሆነ አንባቢ ይወቅልኝ። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞናችንና አጎራባች የሰሜን ሸዋ ወረዳዎች በ2011 እና በ2013 ዓ.ም. በተነሳው ግጭት ብዙ ሰው ቀብረዋል፤ አጣዬ ስትቃጠል ጭሱ የማን ዓይን እንዳልቆጠቆጠ መናገር ይከብዳል። በእነዚያ ወራት በመንገዱ ላይ ሰው በስሙ፣ በአነጋገሩና በመጣበት አቅጣጫ ይመዘን ነበር። ቀይ ነጥቡን በሰው ግንባር ላይ ያኖረው ማን ነበር? የጨዋታ ሠሪ አልነበረም። እኛው ነበርን።

ቀጥሎ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ደረሰ፤ የተመለሰውም በኅዳር መጨረሻ ነው። ጦርነቱ ሊመለስ ሲል በነበሩት ቀናት በአንደኛው፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ የግቢዬ በር ተንኳኳ። ቀስ ብሎ ነበር የተንኳኳው። አንድ የወጣት ድምፅ በተሰባበረ አማርኛ፣ መሣሪያዬን ጥያለሁ፣ ቆስያለሁ፣ ውሃ ስጡኝ አለ። ከየትኛው ወገን እንደነበረ ዛሬም አላውቅም።

ባለቤቴ ጆሮዬ ላይ፣ «ውሃ እንኳ እናቀብለው» አለችኝ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ዝም አሰኘኋት። ልጆች ተኝተዋል። ሲከፈትለት ከኋላው ሌሎች ቢኖሩስ? መሣሪያውን ባይጥልስ? ይህን ሁሉ አሰብኩ። ከዚያም ማሰቤን አቆምኩና ወሰንኩ፤ ይህ ሰው አታላይ ነው አልኩ። እንዲህ ብዬ ከወሰንኩ በኋላ ልመናውን መስማት እንኳ ቀለለኝ። ሦስት ጊዜ ያህል ለምኖ ዝም አለ። ሲነጋ በሩን ስከፍት ማንም አልነበረም። ደርሶ ይሁን ወድቆ ቀርቶ የነገረኝ የለም።

የእህቴ ልጅ «ይነሳል» ሲለኝ የሳቅሁት ሳቅ አልጋዬ ላይ የጎረበጠኝ ለዚህ ነው። እኔም የዚያን ወጣት ልብ በተዘጋ በር ውስጥ ሆኜ ሰንጥቄ አንብቤው ነበር።

በእርግጥ፣ «በጦርነት መሃል በር የሚከፍት ማነው? ቤተሰብን መጠበቅስ ግዴታ አይደለም ወይ?» የሚል ሙግት ሊነሳ ይችላል፤ ሙግቱም ክብደት አለው። ጥንቃቄ ነውር አይደለም፤ በሩን ባለመክፈቴም ራሴን አልኮንንም። ነገር ግን ሱረቱል አንፋል 61ኛና 62ኛ አንቀጾች ላይ እንደምናገኘው፣ ወደ ሰላም ያዘነበለን ጠላት በሰላም እንድንቀበል ስንታዘዝ፣ ሊያታልለን ቢፈልግስ የሚለው ስጋት አልተዘለለም። ማታለል እንዳለ ታውቆ ነው ትእዛዙ የመጣው። እንግዲህ ምሕረት የሚደረገው ሰውየው እንደማይከዳ እርግጠኛ ሲኮን ብቻ ከሆነ፣ ምሕረት የሚባል ነገር በምድር ላይ አይኖርም፤ እርግጠኛ የሚሆን ሰው የለምና።

ደግሞም በሩን በመክፈትና ሰውን በጥም በመተው መካከል ሌላ መንገድ ነበር። በግቢያችን አንድ ጀሪካን ውሃ ነበረን። አጥሩ ከሰው ቁመት አይበልጥም። በሩን ሳልከፍት፣ ፊቱን ሳላይ፣ አንድ ጆግ ውሃ በአጥሩ ላይ ማቀበል እችል ነበር። ያን ሌሊት ይህ አልታየኝም፤ ያልታየኝም ስላልነበረ ሳይሆን ሰውየውን ቀይ ነጥብ ካደረግሁት በኋላ የሚቀሩኝ ሁለት ነገሮች ብቻ ስለነበሩ ነው፤ መግደል ወይም መሸሽ። ጨዋታው ውስጥ ያሉት ምርጫዎችም እነዚያው ናቸው።

ጨዋታ ሁሉ እንዲህ መሆን አለበት ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ቶቢ ፎክስ የተባለ አሜሪካዊ ያወጣው አንደርቴል የሚባል ጨዋታ አለ። በዚያ ውስጥ ሊዋጋ የመጣውን ሁሉ አነጋግሮ፣ ታግሶና ምሮ፣ አንድም ሳይገድሉ እስከ መጨረሻው መድረስ ይቻላል። ስለዚህ ምሕረትን ከንቱ ያደረገው ኮምፒዩተሩ አይደለም፤ ምርጫ ነው።

ልጁ ሊመለስ ሁለት ቀን ሲቀረው ሰኞ ስለነበረ ወደ ባቲ ገበያ ይዤው ሄድኩ። ባቲን የማያውቅ ካለ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የዞናችን ከተማ ናት፤ ሰኞ ሰኞ ከቆላው አፋሩ፣ ከአካባቢው ኦሮሞው፣ ከደጋው አማራው ይገናኙባታል። አንዱ ግመል፣ አንዱ ፍየል፣ አንዱ እህል ይዞ ይመጣል። ጊሌ የታጠቀ የአፋር ሽማግሌ ከአንድ የደጋ ነጋዴ ጋር በፍየል ዋጋ ሲከራከር ቆመን አየን። ክርክሩ ጦፈ፤ ነጋዴው ሄደ፣ ተመለሰ፤ በመጨረሻ እጅ ለእጅ ተማቱና ተስማሙ። የእነዚህ ሰዎች አያቶች በግጦሽና በውሃ ሲጋደሉ የኖሩ ናቸው፤ ዛሬም የሚጋጩበት ጊዜ አለ። ያም ሆኖ ሰኞ ሲመጣ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ ይነጋገራሉ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ያንን ሌሊት ነገርኩት። ከባለቤቴ በቀር ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ «ግን አጎቴ፣ ቢከፍቱለት ኖሮ የሚገድልዎት ሰው ቢሆንስ?» አለኝ።

«ሊሆን ይችላል» አልኩት። «ላይሆንም ይችላል። እኔ ግን ያን ሌሊት አውቃለሁ ብዬ ነበር።»

ጨዋታውን ተው አላልኩትም። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ አገር የሚያየው ቀይ ነጥብ በዚህኛው አገር እንደሌለ እንዳይረሳ። እኔ ረስቼው ያለፈውን ውሃ የሚያቀብለው ሰው ምናልባት እርሱ ይሆን ይሆናል።

ወላሁ አዕለም።