አደራ በሎች ሆይ፣ ተመለሱ

የኮልፌ ቀራንዮ ነጋዴ፣ አከራይ፣ የክሊኒክ ሠራተኛ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ባለቤት፣ ስሙኝ! በእጃችሁ የሰው ገመና አለ። ስሙን፣ ፎቶውን፣ የፋይዳ ቁጥሩን፣ የምርመራ ውጤቱን አምኖ ሰጥቷችኋል። እናንተስ ምን አደረጋችሁበት?

አንተ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈትህ፣ ደንበኛህ ለአንድ ጉዳይ ስካን ያስደረገው መታወቂያ ከዓመት በኋላም ኮምፒውተርህ ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ፣ በማን ፈቃድ ነው? አንተስ ዱቤ አልከፈለችኝም ብለህ የጎረቤትህን ፎቶ ከነስልክ ቁጥሯ ግሩፕ ላይ የለጠፍህ፣ ዕዳዋ ገንዘብ ነበር፤ አንተ ግን ክብሯን ወሰድህ። ልጆቿ ያንን ፎቶ እንደሚያዩት አላሰብህም?

ይህ ክፍለ ከተማ ከሌላው ይልቅ ሊያፍር ይገባዋል። ዘነበወርቅ እዚሁ ነው። በዚያ ያለው የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል፣ አለርት፣ በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም በአገራችን በሥጋ ደዌ የተያዘ ሰው ከቤቱ ይወጣ፣ ከጋብቻ ይገለል ነበር። ታክሞ ከዳነም በኋላ ሕመሙ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ይቀር ነበር። መድኃኒቱ ሰውነቱን ፈወሰው፤ የሰው አፍ ግን አልማረውም። ይህን በዓይናችን ባየንበት ሰፈር የታካሚን ካርድ በስልክ አንስቶ ለወዳጅ የሚልክ ሰው ምን ይባላል? በየትኛው ልቡ ነው ማታ የሚጸልየው፣ የሚሰግደው?

ሕጉን አላወቅንም አትበሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ካስከበረ ዘመናት አልፈዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ነገሩን በዝርዝር ነገራችሁ። ለተገለጸ ዓላማ ብቻ ሰብስቡ፣ ለዓላማው ከሚበቃው በላይ አትጠይቁ፣ ጉዳዩ ሲያበቃ አታቆዩ ብሏል። ባለቤቱ ምን እንደያዛችሁበት የመጠየቅ፣ የተሳሳተውን የማሳረም፣ የማሰረዝ መብት አለው። የጤናና የአሻራ መረጃ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

«ሁሉም የሚያደርገው ነው» የሚለው መልሳችሁ ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል። ሁሉም ቢያደርገውማ ለቅሶው የሁላችን ነው!

በወንጌል የተጻፈው ቀራጩ ዘኬዎስ የበላውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሎ ነበር። የእናንተ በደል ከዚያ ይከፋል፤ ከስልክ ወደ ስልክ የተላለፈን ፎቶ አራት እጥፍ ቀርቶ አንድ እጥፍም መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ማዘን ብቻ አይበቃችሁም። የለጠፋችሁትን አውርዱ፤ ለላካችሁላቸው ሰዎች አንድ በአንድ እየደወላችሁ እንዲያጠፉት አድርጉ። የማያስፈልጋችሁን ፋይል ሰርዙ፤ የተከመረውን የመታወቂያ ኮፒ ቅደዱ እንጂ ለሱቅ መጠቅለያ አትስጡ። ከዚያ ወደ በደላችሁት ሰው ቤት በእግራችሁ ሂዱ፤ ያወጣችሁበት ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደደረሰ ሳትደብቁ ንገሩት፤ ቢቆጣም ቆማችሁ ስሙት፤ ቢከሳችሁም አትሽሹ።

ዛሬ ሂዱ። እሱ ገና አልሰማም ይሆናል፤ ከሌላ ሰው አፍ ከመስማቱ በፊት ድረሱ።