ስለ ገበያ ነጻነትና ስለ ድሃው ድምፅ

ገበያ ነጻ ከሆነ ሕዝብም ነጻ ይሆናል የሚሉ ሊቃውንት በዘመናችን ብዙዎች ናቸው። አባባላቸው ከእውነት የራቀ ባይሆንም ሙሉ አይደለም።

ድሬዳዋን ያየ አንባቢ ደቻቱን ያውቃል። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከጅቡቲ ሲደርስ በተቆረቆረችው በዚህች ከተማ፥ ወንዙ ከዚራንና መጋላን ለይቶ ያልፋል፤ በበጋ ግን አሸዋ ብቻ ነው። በወዲህና በወዲያ ማዶ ኦሮሞው፥ ሶማሌው፥ ሐረሪው፥ አማራው፥ ጉራጌው፥ ዐረቡ ሲገበያዩ ኖረዋል። ሻጭ የገዢውን ነገድ አይጠይቅም። ከስብከት ይልቅ ሚዛን ሰውን ያቀራረበበት ጊዜ እንዳለ እኛ ካህናት ልናምን ይገባናል።

ነገር ግን ገበያ የሚሰማው ገንዘብ የያዘውን ነው። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ የደቻቱ ጎርፍ በሌሊት ደርሶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ነፍስ አጠፋ። ድሃ በወንዝ ዳር ጎጆ የሚቀልሰው ብዙ ጊዜ አደጋውን ሳያውቅ ቀርቶ ሳይሆን፥ በደኅናው ስፍራ ለመኖር ዐቅም አንሶት ነው። በሸንጎ ግን አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነውና፥ ግንብ ይሠራልን ብሎ የሚጮኸው የወንዝ ዳር ነዋሪ ከባለ መጋዘኑ እኩል ይቆጠራል። ነቢዩ አሞጽም የገሠጸው ሐሰተኛውን ሚዛን ብቻ አይደለም፤ ድሃው በአደባባይ ፍርድ ማጣቱንም ነው እንጂ።

ድምፅ የሌለው ሕዝብ በገበያ መካከል እንዴት እንደሚያልቅ ከደቻቱ ይልቅ አብልጦ ያሳየው ወሎ ነው። ህንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እንዳስረዳው፥ በ1965 ዓ.ም. ሕዝቡ በረኀብ ሲረግፍ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም ነበር፤ እንዲያውም እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ ነበር። ሰው የሞተው የሚገዛበት ስላጣ ነው። ችግሩን ዓለም የተረዳው በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ባሳየው ፊልም ነው፤ በአገር ውስጥ ተሸሽጎ ነበርና። ሴን በኋላ ነጻ ጋዜጣና እውነተኛ ምርጫ ባለበት አገር እንዲህ ያለ ረኀብ አልደረሰም ሲል ጽፏል።

ገበያውን ማጥበቅም መድኃኒት አልሆነም። ደርግ በእህል ንግድ ላይ የመንግሥትን እጅ ካበረታ በኋላ የ1977ቱ ረኀብ ከፊተኛው ከፋ፤ የሚናገር አፍ እንደ ተዘጋ ነበረና።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጣና ተመርቋል። ለዕቃ በር መከፈቱ ደስ ያሰኛል። የደቻቱ ዳር ሰው ቃሉን ይዞ የሚገባበት በር ግን ስፋቱ ምን ያህል ነው?