ያልተደረገውን ማየት

የወንጀል ድራማ አብዛኛውን ጊዜ ከተደረገ ነገር ይነሣል። ሬሳ ይገኛል፣ በር ተሰብሯል፣ መርማሪው አሻራ ያነሣል። ወላጅ ቸል ስላለው ሕፃን የሚተርክ ክፍል ግን ይህ መንገድ አይሆንለትም። እዚህ ወንጀሉ ሳይደረግ የቀረው ነው፦ ያልቀረበ እራት፣ ያልታከመ ቁስል፣ ሲመሽ ያልተመለሰ ወላጅ። ታዲያ የሌለ ነገር እንዴት ማስረጃ ይሆናል?

እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የሚተላለፈው የአሜሪካው «ሎው ኤንድ ኦርደር፦ ስፔሻል ቪክቲምስ ዩኒት» ለዚህ ጥያቄ የራሱ መልስ አለው። መርማሪዋ ኦሊቪያ ቤንሰን በመጠጥ የተጠመደች እናት ያሳደገቻት ሴት ናት፤ ስለዚህ ሌላው ፖሊስ ያለፈውን የልጅ ዝምታ እሷ ትሰማዋለች። ድራማው የሚለን፣ የተጎዳ ሰው የሌላውን ጉዳት ያያል ነው። በዚህ እስማማለሁ፤ ግን በከፊል። የጎደለውን ለማየት መኖር የነበረበትን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የሰባት ዓመት ልጅ ማታ ማን ሊያስተኛው እንደሚገባ ያላሰበ መርማሪ ልጁ ብቻውን መተኛቱ አይታየውም። እንግዲህ ርኅራኄ ከምርመራው በኋላ የሚመጣ ስሜት ብቻ ሳይሆን የማወቂያ መንገድም ነው ማለት ነው።

ተቃውሞው ግን ቀላል አይደለም። ፖል ብሉም የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሌላውን ስሜት መጋራት ፊታችን ባለው አንድ ሰው ላይ ብቻ ስለሚያተኩር ፍርዳችንን ያዛባል ሲል ተከራክሯል። የሚያለቅስ ልጅ ያየ መርማሪ ጥፋተኛ ለማግኘት ይቸኩላል። «እናትሽ ትመታሻለች አይደል?» ብሎ ይጠይቃል። ልጅቷም ትልቅ ሰው ደስ እንዲለው ብላ «አዎ» ትላለች። በዚህች ቅጽበት ልጅቷን የጎዳት ማነው? ጨካኝ መርማሪ ዝም ያሰኛታል፤ የቸኮለው አዛኝ ደግሞ ያላለችውን ያስብላታል። ሁለቱም አልሰሟትም።

የተሻለውን መልስ የማገኘው አዲስ አበባ፣ ልደታ ነው። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ለተጎዱ ሕፃናት የተዘጋጀ ችሎት አለ። ልጁ ተከሳሹ ፊት አይቆምም፤ ለብቻው ክፍል ይቀመጥና የሠለጠነ ባለሙያ የችሎቱን ጥያቄ በልጅ አቅም ያቀርብለታል፤ ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉና ተከላካዩ ደግሞ በቴሌቪዥን ይከታተላሉ። ይህም ቴሌቪዥን ነው፤ ግን ሙዚቃ የለውም፣ እንባ የያዘ ፊት አያቀርብም፣ በአንድ ሰዓት አያልቅም። ከስሜት ይልቅ ሥርዓት ያለው ርኅራኄ ነው። ልጁን ከፍርሃት ይጠብቃል፣ ቃሉንም ከአዛኞቹ ይጠብቃል። «ትናንት ማታ ምን በላህ? ከማን ጋር?» ብሎ ጠይቆ ዝም ማለት፣ መልሱ እስኪመጣ መታገሥ፣ ከማንኛውም የድራማ እቅፍ የሚበልጥ ደግነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በኋላ ከባዱ ይመጣል፦ ልጁን ቸል ያለችው እናትስ? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576፣ በኃላፊነቱ ሥር ያለን ልጅ የሚያንገላታ፣ ቸል የሚል፣ ከአቅሙ በላይ የሚያሠራ ወይም የሚደበድብ ሰው እስከ ሦስት ወር በሚደርስ ቀላል እስራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። ጎህ ሳይቀድ ለቀን ሥራ ወጥታ ታናሹን ለዘጠኝ ዓመቷ እህቱ የምትተው ሴት በዚህ ውስጥ ትገባለች? ልጁ የጎደለበት ያው ነው፤ የተራበ ሆድ ምክንያት አይለይም። ነገር ግን ያጣ ሰውና የተወ ሰው አንድ አይደሉም። ያጣች እናት ስትታሰር ልጁ የነበረችውንም እናት ያጣል። ለልጁ የሚያዝን መርማሪ ለእናቲቱ የማያዝን ከሆነ ልጁን እንደገና ይበድለዋል።

በተቃራኒው ደግሞ ሥልጣን ያለው፣ አቅም ያለው፣ ግን የተወ ወላጅ አለ። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት እንዲህ ያለ ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። እናቱ የሞተችበትንና በአክስት እጅ ያደገን ልጅ ለብዙ ዓመታት ያላየው አባት ሞግዚትነቱን ጠየቀ፤ የሥር ፍርድ ቤቶችም በሕይወት ያለው ወላጅ እሱ ነውና ፈቀዱለት። ሰበር ግን የልጁን ጥቅም አስቀድሞ ውሳኔውን ሻረው፤ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ጠቀሰ። ችሎቱ የመዘነው አባት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ብቻ አይደለም፤ በእነዚያ ዓመታት ሳይደረግ የቀረውን ነው። የሰበር ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳልና የአንድ ልጅ ጉዳይ ለሌሎች ልጆችም ደርሷል።

ፍርድ ቤት የሚያየው ግን የደረሰለትን ብቻ ነው። የድሮዋ ልደታ ጠባብ ግቢዎች ሲፈርሱና ኮንዶሚኒየሞች ሲተኩ ብዙ ቤተሰብ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ አገኘ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከጋራ ግቢው ጋር ግን የጎረቤት ልጅ አለመብላቱን ሳይጠይቅ የሚያውቅ ዓይንም አብሮ ቀነሰ። የቸልተኝነት የመጀመሪያው መርማሪ ፖሊስ ሳይሆን ጎረቤት ነበር።

ስለዚህ አንባቢዬን እለምናለሁ፦ ከፎቅህ በላይ አንድ ልጅ ቀናትን ብቻውን እንደሚያሳልፍ ካወቅህ መጀመሪያ በሩን አንኳኳ፣ እናቱን ምን እንደቸገራት ጠይቅ፣ የምትችለውን አግዝ። ችግሩ ማጣት ሳይሆን መተው ሆኖ ካገኘኸው ወደ ወረዳው ወይም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሂድና ያየኸውን ብቻ፣ ሳትጨምር ተናገር።