ምክር ከነሚዛኑ

ዳኛ የምስክርን ቃል ሲቀበል «አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቃሉ አንድ ቢሆንም ክብደቱ አንድ አይደለምና። ሐኪም «ይህን ውሰዱ» ሲለን ግን፥ ምክሩ በምን ላይ እንደ ቆመ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን።

«ማየት ማመን ነው» ይባላል። ይሁን እንጂ ዓይንም ይስታል። ሐኪም መድኃኒት የሰጠው በሽተኛ ሲድን ያያል፤ ሳይሰጠው ቢቀር ይድን እንደ ሆነ ግን ለማየት አይችልም። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በታተመው ጥናት የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች በዕጣ ተከፍለው፥ አንደኛው ወገን ስትሬፕቶማይሲን ሲሰጠው ሌላው እንደ ዘመኑ ልማድ ተኝቶ በማረፍ ብቻ ታከመ። ዕጣ አድልዎ አያውቅምና።

የዚህን ጥቅም በምሥራቅ አፍሪካ የሆነው ያስረዳናል። ብርቱ ትኩሳት ይዞአቸው የደም ዝውውራቸው ለደከመ ሕፃናት በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት ሕይወት ያድናል ተብሎ ይመከር ነበር። በኡጋንዳ፥ በኬንያና በታንዛኒያ 3,141 ሕፃናት በዕጣ ተመድበው ሲመረመር ግን፥ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. እንደ ተገለጸው፥ በሁለት ቀን ውስጥ ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው ከመቶ 10 ተኩል ያህሉ፥ ካልተሰጣቸው ከመቶ 7 ያህሉ ሞቱ። በተቅማጥ ውሃ ያነሳቸው ሕፃናት በዚህ ጥናት አልገቡም። መካሪዎቹ ቅኖች ነበሩ፤ ነገር ግን ቅንነት ማስረጃ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ግሬድ የተባለው የሊቃውንት ጉባኤ ማስረጃን ከፍተኛ፥ መካከለኛ፥ ዝቅተኛና እጅግ ዝቅተኛ ብሎ ይመድባል፤ ምክርንም ጽኑና እንደ ሁኔታው የሚፈጸም ብሎ ለሁለት ይከፍላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚሁ ሥርዓት ይሠራል። ሁለቱን ለያይቶ መመዘኑ ቁም ነገር አለው። ማስረጃው የጸና ሆኖ ጥቅሙና ጉዳቱ ከተቀራረበ፥ የበሽተኛው ፈቃድ ሊጠየቅ ይገባል፤ ማስረጃው ደካማ ሆኖም ሞት ደጃፍ ላይ ሲቆም፥ ጽኑ ምክር የሚሰጥበት ጊዜ አለ።

«ሐኪም እርግጠኛ አይደለሁም ካለ በሽተኛው ተስፋ ይቆርጣል» የሚሉ አሉ፤ አባባላቸውም ከእውነት የራቀ አይደለም። ሆኖም ያልተረጋገጠው እንደ ተረጋገጠ ሆኖ ከቀረበ፥ ስሕተቱ በተገለጠ ዕለት እውነተኛውም ምክር ሰሚ ያጣል።

ይህ ነገር ሐኪሞችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በመሥሪያ ቤት መመሪያ የምንጽፍም ሆነ በትምህርት ቤት የምናስተምር ሁላችን መካሪዎች ነን። እንግዲህ የምናውቀውን ከምንገምተው ለይተን እንናገር፤ ምክር የሚከበረው ከነሚዛኑ ሲቀርብ ነውና።